የዐብዲፈታህ ውሃ

«ካንዴላዬን አምጣ! ሠላሳ ዓመት ጅብ ያላስቆመኝን፣ ጎርፍ ያላስቆመኝን ሰው፣ ስምንተኛ ክፍል የወደቀ ልጅ ሊያስቆመኝ ነው?»

ጋሽ ቀናው ናቸው እንዲህ የሚጮሁብኝ። አልወደቅኩም፣ ተባርሬ ነው። ባንዲራ ሲሰቀል የዳይሬክተሩን ድምፅ አስመስዬ «ተጠንቀቅ» ብዬ ተማሪውን በሙሉ ፀሐይ ላይ ስላቆምኩት። ግን ያን ጠዋት ይሄን ለማረም አልተመቸኝም። የሞተር ሳይክላቸው ካንዴላ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሞተሩ ጓዝ ተጭኖበት ግቢው መሀል ቆሟል፤ ያለ ካንዴላ አይነሳም። የነቀልኩት እኔ መሆኔን ደግሞ ለማወቅ ምስክር አላስፈለጋቸውም። ጅጅጋ ውስጥ ሌላ ሌባ የሌለ ይመስል መጀመሪያ የሚያዩት እኔን ነው።

ለምን እንደነቀልኩት እንዲገባችሁ ሰውየውን ማወቅ አለባችሁ።

ጋሽ ቀናው የከብት ሐኪም ነበሩ። ሐኪም ስላችሁ ቢሮ ያለው እንዳይመስላችሁ፤ ሞተር ላይ አይስቦክስ አስሮ በየገጠሩ ፍየልና ግመል ሲወጋ የሚውል ነው። አባታቸው በወታደርነት መጥተው እዚሁ ቀሩ፣ እሳቸውም እዚሁ ተወለዱ። ሶማሊኛቸው ከኔ ይበልጣል። ገጠር ስማቸውን የሚያውቅ የለም፣ ሁሉም «ኢርባድ» ነው የሚላቸው፣ መርፌ ማለት ነው። እናቴ ግቢያቸው ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይታ ስለወለደችኝ መጀመሪያ የቀዳሁት ድምፅ የሳቸው ነው። ጉሮሯቸውን ሁለቴ ይጠርጉና «እሺ ኤቢ፣ ዛሬ ማን ሞተ?» ብለው ነው ከኔ ጋር ወሬ የሚጀምሩት።

በ2010 ሐምሌ መጨረሻ ከተማው በግጭት ሲታመስ ሚስታቸው እትዬ ቦጋለች ልጃቸውን ይዘው ሐረር ሄዱ። ለሳምንት ብለው ነበር። አልተመለሱም። ጋሽ ቀናው ለበዓል ይሄዱና በማግስቱ ይመጣሉ። እዚያ ሰው ይበዛል ይላሉ፤ እዚህ ደግሞ ግቢው ባዶ ነው። ጡረታ ሲወጡ የነዱትን ሞተር ራሱን በጨረታ ገዝተው በር ላይ አቆሙት፣ ከዚያ ወዲህ እሱን ሲወለውሉ ነው የሚውሉት።

ካርታው የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። የድሮ የክትባት ፖስተር ገልብጠው ጀርባው ላይ በእርሳስ ሳሉት፣ ጫፉ እንደ አፍንጫ የሾለ መሬት። ከጅጅጋ ሀርሺን፣ ከዚያ ድንበር ተሻግሮ ቡርኦ፣ ጋሮዌ፣ ቦሳሶ፣ መጨረሻ ላይ የአፍሪካ ቀንድ ጫፍ፣ ግራው ባሕር፣ ቀኙ ባሕር። መሀሉ በሙሉ በረሃ ነው። እዚያ ጫፍ ድረስ በሞተሩ ብቻቸውን ሊሄዱ ነው። ፓስፖርት አለዎት ወይ ብዬ ብጠይቃቸው ጊዜው ያለፈበት የመሥሪያ ቤት መታወቂያቸውን አሳዩኝ።

ለምን እንደሆነ አንዴ ብቻ ነግረውኛል። ክትባት የያዘ ሰው አይስቦክሱ ውስጥ ያለው በረዶ ሳያልቅ መመለስ አለበት። «ሠላሳ ዓመት በበረዶ ሰዓት ነው የሄድኩት» አሉኝ። «ከሀርሺን ማዶ አንድ ኮረብታ አለ። ስንቴ አየሁት መሰለህ። በረዶዬ እያለቀ ዞርኩ። አሁን የሚቀልጥብኝ የለም።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይቺን ንግግር በማግስቱ መናኸሪያ ወስጄ ሰው አስቅባት ነበር። እዚያ ነው የምሠራው፣ «ባቢሌ ሐረር፣ ባቢሌ ሐረር» እያልኩ ተሳፋሪ እጠራለሁ። ይቺን ግን አልወሰድኳትም።

መንገዱን ያቀዱት በኪሎ ሜትር አይደለም፣ በብርካ ነው። ብርካ መሬት ተቆፍሮ በሲሚንቶ የሚለሰን የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው፣ ሁሉም ባለቤት አለው። በዚያ አገር መንገድ ማለት ከአንዱ ሰው ውሃ እስከ ሌላው ሰው ውሃ ነው። ስለዚህ ካርታቸው ላይ ከከተማ ስም የሰው ስም ይበዛል። ሀርሺን አጠገብ ዐብዲፈታህ፣ ከሱ ቀጥሎ ዘካሪያ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ሰባት ሰው። ከድንበር ወዲያ ያሉትን ከብት ሊሸጡ ሲመጡ ነው የተዋወቋቸው።

ውሃ መኖሩን ለማጣራት ለሁሉም መደወል ነበረባቸው። ጆሯቸው ግን ያን ሁሉ ዓመት የሞተር ድምፅ በልቶት ፊት ለፊት ካልሆነ አይሰማም፣ ስልክማ ጨርሶ። ስለዚህ እኔ እደውላለሁ፣ የሰማሁትን በሰውየው በራሱ ድምፅ አድርጌ አቀብላቸዋለሁ። እንዲህ ተስማማን።

ዐብዲፈታህ ጋ ስደውል ልጁ አነሳች። አባቷ ዓምና በድርቁ ግመሎቹ ካለቁ በኋላ ሞቷል። ብርካውስ አልኳት። ተሰንጥቋል፣ የሚያሳድሰው የለም አለች። ጋሽ ቀናው እርሳሳቸውን ስሙ ላይ አስደግፈው ያዩኛል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ እንደዚያ ነቅተው አይቻቸው አላውቅም። አፌ ቀደመኝ። ሸካራ የሽማግሌ ድምፅ አወጣሁና «ኢርባድ! ውሃው ሞልቷል፣ ና ዝም ብለህ» አልኩ። ዐብዲፈታህን በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም። ጋሽ ቀናው ስሙን በእርሳስ ከበቡት።

አንዴ ከጀመሩት በኋላ የት ላይ ይቆማል? የዘካሪያ ስልክ ዝግ ነው፤ ዘካሪያን ሳል አስያዝኩት። አንዱን ልጆቹ ናይሮቢ ወስደውታል፣ የአንዱን ቁጥር ሌላ ሰው ይዞታል፣ ሦስቱ ሞተዋል። ሰባቱንም በአንድ ሳምንት ሠራኋቸው፣ አንዱን ቀልደኛ፣ አንዱን ቁጡ። ካርታው በክብ ሞላ። ከሥራ ስመለስ ጋሽ ቀናው በር ላይ ይጠብቁኝ ጀመር። ያን የዐብዲፈታህን ድገምልኝ ይሉኛል፣ እደግማለሁ። ይሄዳሉ ብዬ ግን አላሰብኩም። ካርታ የሳለ ሁሉ መች ይሄዳል?

መስከረም 2015፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ፊቴን ልታጠብ ስወጣ ሞተሩ ተጭኗል። ብርድ ልብስ፣ አንድ ጀሪካን ቤንዚን፣ ሁለት ጀሪካን ውሃ። የቀረውን መንገድ የሚጠጡት እኔ የፈጠርኩትን ውሃ ነው። ኮታቸውን ሊያመጡ ሲገቡ ካንዴላውን ነቀልኩት።

ጩኸታቸው እስኪያልቅ ጠበቅኩ። ከዚያ ምንም ድምፅ ሳልቀይር፣ «ጋሽ ቀናው፣ ዐብዲፈታህ ሞቷል» አልኳቸው።

የሞተሩ ወንበር ላይ በጎን ተቀመጡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አውቃለሁ» አሉ።

ማን እንደነገራቸው ጠየቅኩ።

«አንተ ነህ የነገርከኝ። የከብት ሰው ስልክ አንስቶ ውሃ አለ አይልም። መጀመሪያ የት ዘነበ ይልሃል። ሳሩ እንዴት ነው ይልሃል። ግመሉን፣ ፍየሉን፣ ልጁን ሳይጠይቅህ ስለ ውሃ አያነሳም። ያንተ ዐብዲፈታህ ምንም ሳይጠይቀኝ ጠራኝ። የማይጠይቅማ የሞተ ሰው ነው።»

ሰባቱንም እንደዚያው ነበር የሠራኋቸው። የከተማ ልጅ ነኝ፣ ድምፅ እንጂ ወግ አልቀዳሁም። ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ አልኳቸው፣ ለምንስ ድገምልኝ ይሉኝ ነበር።

«ሌላ ማን ይጠራኛል» አሉ። አላዩኝም ሲሉት።

እንግዲህ አበቃ ብዬ ካንዴላውን ከኪሴ አወጣሁና በሌላ እጄ የጭነቱን ገመድ መፍታት ጀመርኩ። እጄን መቱት። መቼ ቀረሁ አልኩ ይላሉ። ሰው ቢሞት ብርካ ይወረሳል፣ የዐብዲፈታህ ቤት ሰው ጥማት ይዞት የመጣን አይመልስም። ተሰንጥቋል ብላለች ልጅቷ ብላቸው፣ ስልክ ላይ የማታውቀው ሰው ስለ ውሃ ሲጠይቃት ምን እንድትል ነበር አሉኝ። ይሄንንም አላሰብኩትም ነበር።

«እንወራረድ» አሉ።

ዋጋ በጨርቅ ስር በጣት እንደሚነጋገር የግመል ደላላ እጄን በብርድ ልብሱ ስር ያዙት። ብርካው ውስጥ ውሃ ካለ እሳቸው ወደ ፊት ይሄዳሉ፣ እኔ ማታ ትምህርት እመዘገባለሁ። ከሌለ ከዚያው ይመለሳሉ፣ ካንዴላው ለሁልጊዜው የኔ ነው። ራሳቸው ስልክ ስለማይሰሙ ሐሙስ ከሀርሺን ሰው ያስደውላሉ። ካንዴላውን በእጃቸው አጥብቀው ሞተሩን ካስነሱ በኋላ የነገሩኝ የመጨረሻው ነገር፣ የሚደውለው ሰው የት ዘነበ ብሎ ካልጀመረ እንዳላምነው ነው። በምሥራቅ በኩል ወጡ። ሰማዩ ላይ አንድም ደመና አልነበረም።

ሐሙስ አልተደወለም። ዓርብ መናኸሪያ ቆሜ «ባቢሌ ሐረር» እያልኩ ስልኬ ጮኸ፣ የማላውቀው ቁጥር። ወንድ ነው፣ ወጣት። ሰላምታ የለ፣ የት ዘነበ የለ። «ኢርባድ ደርሷል፣ ውሃ አለ፣ አታስብ» አለኝ በሶማሊኛ። ቆይ እስቲ ስለው ተዘጋ። መልሼ ብደውል ቁጥሩ አይሠራም። የጋሽ ቀናውም አይሠራም።

ባለሱቅ ይሆናል እላለሁ። ባለሱቅ ግመል የለው፣ ዝናብ ለምን ይጠይቃል። ደግሞ ድምፁ መልካም ነበር፣ ሰው ሊያጽናና የሚፈልግ ሰው ድምፅ። እኔ ያን ድምፅ አውቀዋለሁ።

የማታ ትምህርት ምዝገባ ሰኞ ያበቃል። ፎርሙን አምጥቼዋለሁ። ስሜን አልጻፍኩበትም።