ባዶ መንጠቆ ላይ የተሰቀለው ቡድን

ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ የቧንቧ ዕቃ እሸጣለሁ። ቧንቧ ሻጭ የሚሸጠው ቧንቧ ይመስላችኋል፤ አፉን ነው። ደንበኛ የውሃ መክፈቻ ያነሳል፣ ያገላብጣል፣ በጥፍሩ ይፍቃል፣ ከዚያ ቀና ብሎ ያየኝና "ይዝጋል?" ይለኛል። "አይዝግም" እለዋለሁ። ልጆቼን ያሳደገችልኝ ይህች አንዲት ቃል ናት።

ከሱቄ በስተቀኝ ልብስ ሰፊው አለ፤ ከስልጤ የመጣ ሙስሊም ጎረቤቴ፣ ንግግሩን እንደ ጨርቅ ለክቶ የሚቆርጥ ሰው። በስተግራዬ ሥጋ ሻጩ ሉካንዳውን ከፍቷል። ከሦስታችን ፊት ለፊት ደግሞ የሕንጻው ጥበቃ የሆኑ ሽማግሌ በፕላስቲክ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። ከእነዚህ ሌላ በዚህ ወሬ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ እሱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ጣጣውም የመጣው ከዚያ ነው።

የገና ጾም ሲገባ ሥጋ ሻጩ ሥራ ይፈታል። ሉካንዳውን አጥቦ፣ መንጠቆዎቹን ወልውሎ፣ ሥጋ በሚከትፍበት ግንድ ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ያማል። እኔና ልብስ ሰፊው ከምሳ በኋላ እሱ ዘንድ እንሰበሰባለን። በዚያ ሰሞን ልብስ ሰፊው ስልኩ ላይ ተደፍቶ ፋንታሲ የሚሉትን ይጫወት ነበር፤ የእንግሊዝ ኳስ ተጫዋቾችን እየመረጠ የራሱን ቡድን ያዋቅራል፣ ቅዳሜና እሁድ ነጥቡን ይለቅማል።

"ምን ያደርግልሃል የሰው አገር ሰው?" አለው ሥጋ ሻጩ። "በመንገድ ቢያገኝህ ሰላም አይልህ!"

"አንተስ ሰላም ትለኛለህ? ጾም ሲገባ ፊትህ አይታይም።"

"እዚሁ ለቡ ሜዳ ላይ ሩር ሲለጉ ያየኋቸው ሰዎች ነበሩ፤ ቡድን ማለት እነሱ ናቸው። እነሱን ብትመርጥ ቡድን መረጥክ እልሃለሁ።"

የገናን ጨዋታ ነው የሚለው። ጫፉ የቆለመመ ዱላ ይያዛል፤ ሩር ማለት ከእንጨት የተጠረበ ድቡልቡል ነው፤ ሁለት ወገን ሆነው ሩሩን እየለጉ ከባላጋራ ዳር ያደርሱታል። ያሸነፈ ወገን የተሸነፈውን በግጥም ይሰድባል። ያን ቀን የተሰደበ ሰው፣ አለቃም ይሁን ባለሀብት፣ መቆጣት የለበትም። ደንቡ ነው።

ወሬው ከዚያ ተነስቶ ውድድር ሆነ። እኔና ሥጋ ሻጩ ተራ በተራ እየመረጥን፣ በየዘመኑ ከተጫወቱት ሁሉ ሰባት ሰባት ሰው ያለው ቡድን እንድናቆም፤ ልብስ ሰፊው ከሁለታችንም ወገን ስላልሆነ ዳኛ እንዲሆን። ዳኛው ወዲያው ሕግ አወጣ።

"ዝነኛ አይመረጥም። ሰው ያወደሰው፣ የተዘፈነለት፣ ሁሉም የሚያውቀው አይገባም። የተረሳ ብቻ። ሁለተኛ፣ ሲጫወት ያየ አንድ ምስክር ይቅረብ። በገና ዕለት ቡድኑ ያነሰበት ተሸናፊ ነው፤ ሰፈሩ ባለበት ይሰደባል፣ ዝም ይላል።"

ስሞቹን በሥጋ መጠቅለያ ወረቀት ላይ ጽፈን፣ የሱን በአንድ ባዶ መንጠቆ፣ የኔን በሌላው ሰቀልናቸው። ከሩቅ ለሚያየው ሉካንዳው ወረቀት የሚሸጥ ይመስል ነበር።

ሥጋ ሻጩ ለቡ ተወልዶ ያደገ ነው። አሁን ኮንዶሚኒየም የቆመበት ሁሉ ጤፍ ሲታጨድበት ያውቃል፤ አውድማው ላይ ሲለጋ የነበረውን ሁሉ ከነጥርሱ ከነጉንጩ ይነግርሃል። ከመንጠቆ የሚያወርድ ይመስል ሰው ያወርዳል። ሩር ሲመጣበት ዓይኑን የሚጨፍን ግን የማይስት ዲያቆን መረጠ። ሚስቱ ጨዋታው መሀል ገብታ በጆሮው እየጎተተች የምትወስደውን እንጨት ሻጭ መረጠ፤ "ግማሹን ጊዜ ብቻ ነው የሚሰለፍልኝ፤ ግን ግማሹ ይበቃል" አለ። ለሁሉም ምስክር አቀረበ።

እኔ ያደግሁት ጎፋ ነው። በልጅነቴ ለገና ወደ ለቡ የወረድኩት ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው፤ ሁለተኛውን ጊዜ ሸንኮራ ስገጥ አሳለፍኩት። ቢሆንም ደንበኞቼን እየጠየቅሁ፣ የውሃ መክፈቻ ሊገዛ የመጣውን አዛውንት ሁሉ ወንበር እየሰጠሁ፣ አምስት ሰው ለቀምኩ። ስድስተኛው ተራዬ ሲደርስ ሰው አለቀብኝ። ሥጋ ሻጩ ግንዱ ላይ ሆኖ ጥርሱን ይፍቃል።

"እንዴት ነው ቧንቧ፣ ውሃ ጠፋ እንዴ?" ብሎ ሳቀ።

ያቺ ሳቁ ናት ያጠፋችኝ።

"የፉሪው ግራኝ" አልኩ።

"ማነው ደሞ እሱ?"

"አታውቀውም?" ነጋዴ ሲጨንቀው ጥያቄውን ለጠያቂው ይመልሳል። "ለቡ ተወልደህ አድገህ የፉሪውን ግራኝ አታውቅም?"

ሥጋ ሻጩ ጥርሱን መፋቁን ተወ። ያን ሳይ ልቤ ሞቀ፤ ልብ ሲሞቅ አፍ አይታዘዝም። ጋቢውን ወገቡ ላይ እንደሚያስር ነገርኳቸው። ሳይናገር መጥቶ ሳይናገር እንደሚሄድ፣ ሩሩን መሬት ሳይነካ ከአየር ላይ እንደሚለጋ፣ አንድ ጊዜ የመታው ሩር ባሕር ዛፍ ተሻግሮ ተፈልጎ እንደጠፋ ነገርኳቸው። እየተናገርኩ እኔው ራሴ ወደድኩት።

"ታዲያ ሰው እንዴት ረሳው?" አለ ልብስ ሰፊው።

"ዝምተኛ ስለነበር።"

"ጥሩ። ምስክር አምጣ። እስከ ገና ካላመጣህ ይሰረዛል።" ከዚያ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየኝ። "የሌለ ሰው አስመዝግበህ ከሆነ ግን ወዮልህ። ገና ዕለት ሜዳ የሚወጣው ያንተው ደንበኛ ነው።"

እውነቱን ነው። የሌለ ሰው ሠርቶ ያቆመን ነጋዴ "አይዝግም" ሲል ማን ያምነዋል? ጨዋታው ጨዋታ መሆኑ ያበቃው እዚያ ላይ ነው።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ስንት ዘመን ከቦታቸው ሲንቀሳቀሱ አይተናቸው የማናውቀው ጥበቃው ሽማግሌ ከፕላስቲክ ወንበራቸው ተነሱ። መንገዱን ተሻገሩ። መንጠቆዎቹ ስር ቆመው የኔን ወረቀት ቀና ብለው አዩትና ጣታቸውን ስድስተኛው መስመር ላይ አሳረፉ።

"ይሄ ሰው እኔ ነኝ።"

ያላየሁትን ዕቃ ብዙ ጊዜ ሸጫለሁ። ዕቃው ራሱ መጥቶ ሲተዋወቀኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ሥጋ ሻጩ ከግንዱ ላይ ተነሳ። "አባባ፣ እርስዎ የፉሪ ሰው ነዎት እንዴ?"

"የፉሪ ነኝ።"

"ግራኝ ነዎት?"

"ያኔ ነበርኩ።"

"ግራኝነት ይለቃል እንዴ?"

"ልጄ፣ ዕድሜ ያላስለቀቀው ምን አለ?" አሉ። "ጥርሴንም ያኔ ብታየው ደህና ነበር።"

ልብስ ሰፊው ሳቁን በመርፌ ትራሱ ጋረደ። ወደ ወንበራቸው ሲመለሱ ተከትያቸው ሄድኩና ሰው እንዳይሰማ ጎንበስ ብዬ "አባባ፣ እውነት እርስዎ ነዎት?" አልኳቸው።

ቀዝቀዝ ብለው አዩኝ። "ያየኸኝ አንተ አይደለህ እንዴ?"

"አላየሁዎትም" ብል ውሸታም ነኝ፤ "አዎ አይቼዎታለሁ" ብልም ውሸታም ነኝ። ሻይ አዘዝኩላቸው።

ከዚያ በኋላ ሰውዬው አደጉ። ወንበራቸው በየቀኑ አንድ እርምጃ ወደ ሉካንዳው እየቀረበ፣ በመጨረሻ የኔው ወረቀት ስር ተተከለ። አላፊ አግዳሚው "ግራኙ፣ እንዴት ዋሉ?" ማለት ጀመረ። እሳቸውም እኔ በጀመርኩት ላይ ይጨምራሉ፦ ሩሩ ባሕር ዛፍ ተሻግሮ የወደቀው የሰው ጠላ እንስራ ውስጥ ነው፤ ባለቤቲቱ እስከ ዛሬ አልታረቁኝም። እንዲህ ሲሉ እኔ ሱቄ ውስጥ የቧንቧ ማያያዣ እየቆጠርኩ ላብ በላብ እሆናለሁ። አንዳንዴ ደግሞ፣ ሰው እንዳይታዘበኝ እንጂ፣ "ምናልባት በልጅነቴ አይቻቸው ይሆን?" እላለሁ። የራሱን ዕቃ አምኖ የገዛ ነጋዴ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያ እኔ ነበርኩ።

ሥጋ ሻጩ ግን ሥጋ መርምሮ የሚገዛ ሰው ነው፤ ሲሸተው ያውቃል።

"ገና ዕለት ሜዳ ወጥተን አንዴ ይለጉልን" አለ። "በግራ እጃቸው። ሩሩ ከሄደ ተሸንፌያለሁ፣ ስደቡኝ። ካልሄደ ቧንቧ ይሰደባል።"

"ጎሽ!" አሉ ሽማግሌው፣ እኔ አፌን ሳልከፍት።

ገና ደረሰ። ሉካንዳው ፊት ከንጋት ጀምሮ ሰው ተሰልፎ ነበር፤ ሥጋ ሻጩ ከአርባ ቀን በላይ የጠፋ ፊቱን መልሶ አገኘው። ከቀትር በኋላ ዘግቶ፣ የአባቱን የገና ዱላ ከጓዳ አወጣና ሁላችን ወደ ሜዳው ወረድን። ሜዳ ማለቴ የተረፈችው ናት፤ በአንድ በኩል ኮንዶሚኒየም፣ በሌላው በኩል ሊገነባ በቆርቆሮ የታጠረ ቦታ። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጥቷል። በዓይኔ ብዙ የውሃ መክፈቻ ያየሁ መሰለኝ፤ ሁሉም ደንበኞቼ ናቸው።

ሽማግሌው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። ሩሩ መሬት ላይ ተቀመጠ። ዱላውን ያዙ፣ ቦታቸውን አስተካከሉ፣ አነጣጠሩ።

በቀኝ እጃቸው ነው።

"ቁም!" ሥጋ ሻጩ እጁን ዘረጋ። "ይቁሙ አባባ! በግራ ነው የተባለው!"

ሽማግሌው እጃቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና እጃቸውን አዩ። "ይቅርታ፣ ረስቼው" ብለው ዱላውን ወደ ግራ አዛወሩት። ሰነዘሩ። ሩሩ እዚያው ቀረ፤ እሳቸው ግን ዞረው ዞረው መሬት ላይ ዘፍ አሉ። ሜዳው በሳቅ ተናጋ። እኔ ብቻ አልሳቅሁም። ሮጬ ላነሳቸው ስል እጄን ገፉና ራሳቸው ተነሱ። ዱላውን ወደ ቀኝ መለሱት። ማንም "ቁም" ለማለት ጊዜ አላገኘም።

የተሰማው ድምፅ ከልጅነቴ በኋላ የሰማሁት አይደለም። ሩሩ ከመሬት ክንድ በማትሞላ ከፍታ ሜዳውን ሰንጥቆ ሄዶ ከወዲያ ያለውን ቆርቆሮ ሲመታው አጥሩ በሙሉ ጮኸ። ሽማግሌው ዱላውን ተመርኩዘው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና፣ ጣታቸውን ወደኔ ቀስረው እንዲህ አሉ፦

"ቧንቧ ሻጩ ጎበዝ፣ ሰው ሠራ ከወሬ፣
እግር ሰጠሁትና፣ እኔው ቆምኩኝ ዛሬ!"

ሜዳው ፈነዳ። ልብስ ሰፊው ተቀምጦ ሆዱን ያዘ። እኔ የምቆጣበት ቀን አልነበረም፤ ደንቡ ደንብ ነው። ጆሮዬ ጋለ፣ ጥርሴን ገለጥኩ፣ ቆምኩ።

"አባባ" አልኳቸው ሲረጋጋ፣ "ከመጀመሪያውም ያውቁ ነበር ማለት ነው?"

"ፉሪን የማውቃት ለሠርግ ሄጄ ነው" አሉ። "እዚህ ነው የተወለድኩት። ይሄን ሁሉ ቀን ፊታችሁ ተቀምጬ የሞተውን ሁሉ መረጣችሁ። እሺ አልኩ። ከዚያ ያልተወለደውን መረጣችሁ! ባዶ ቤት ሠርተህ ትተኸው ስትሄድ ጊዜ ገባሁበት። ምን አጠፋሁ?"

ልብስ ሰፊው ዓይኑን ጠርጎ ተነሳ፤ ዳኛ መሆኑን አስታወሰ። "ግራኙ ተሰርዟል። ቧንቧ ተሸንፏል፣ ተሰድቧልም። አሁን ጥያቄው ይሄ ቀኝ እጅ በማን ይመዝገብ?"

"በኔ!" አለ ሥጋ ሻጩ። "የለቡ ልጅ ናቸው፣ የኔ ናቸው!"

ሽማግሌው ቀስ ብለው ወደሱ ዞሩ። "አንተማ ያኔ ጋቢዬን ይዘህልኝ ትቆም ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ ሸንኮራ እሰጥህ ነበር። ሁሉን ስታስታውስ ሰማሁህ፤ ዲያቆኑን፣ እንጨት ሻጩን። እኔ መቼ እደርሳለሁ እያልኩ ጠበቅሁ።"

ሥጋ ሻጩ ፊታቸውን አተኩሮ አየ፤ እጃቸው ላይ የቀረውን ዱላም አየ። ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ ትዝ እያለው ሲመጣ አየሁት። ባርኔጣውን አወለቀ።

"በቧንቧው ጻፈኝ" አሉ ሽማግሌው ለዳኛው። "እሱ ቢዋሽም ሰው ቸግሮት ነው። ይሄኛው ሞልቶት ረሳኝ።"

ስድስተኛው መስመር ላይ የነበረው ተሰርዞ የሳቸው ስም ገባ። በዓሉ አልፎ ሥጋው ወደ መንጠቆዎቹ ሲመለስ ወረቀቶቹ ወረዱ፤ የኔን ግን ሥጋ ሻጩ ራሱ ከሚዛኑ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። ሽማግሌው በሚያልፉ ቁጥር ብድግ ይላል። ማንም አላዘዘውም።

እኔ የፈራሁት አልቀረም። ከገና ማግስት ጀምሮ ሱቄ የገባ ሁሉ የውሃ መክፈቻ ያነሳል፣ ያገላብጣል፣ ይስቃል።

"ይዝጋል?"

"አይዝግም።"

"ምስክር አለህ?"

ከመንገዱ ማዶ፣ ወደ ቀድሞ ቦታው ከተመለሰው የፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ሳይጠየቁ የሽማግሌው ድምፅ ይመጣል።

"አይዝግም! እኔ አይቼዋለሁ!"