ቅጠል የሚወለውሉት እትዬ ሸዋረገድ

እትዬ ሸዋረገድ ከሀይሌ ጋርመንት ወደ ጀሞ በሚወስደው መንገድ ዳር ችግኝ መሸጥ ከጀመሩ አስራ አንድ ዓመት ሆናቸው። ጠዋት ከሁሉ በፊት የችግኞቹን ቅጠል በደረቅ ጨርቅ አንድ በአንድ ይወለውላሉ። ሲኖትራክ የሚመላለስበት መንገድ ዳር የዋለ ቅጠል አመድ ይመስላል፤ አመድ የመሰለ ችግኝ ደግሞ ገዢ የለውም። እርጥብ ጨርቅ አቧራውን ጭቃ ያደርገዋል ባይ ናቸው።

ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ ደረታቸው ይጠብባቸው ጀመር። ሐኪሙ አስም ነው ብሎ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጣቸው፤ የሚያስነሳባቸውን ነገር ፈልገው እንዲርቁም መከራቸው። ልጃቸው ኤልያቄም ፍለጋው አንድ ቀን አልፈጀበትም። ለጋዎቹን ችግኞች ብርድ እንዳይመታቸው እናቱ ማታ ማታ አብረው ወደሚያድሩባት አንዲት ክፍል ያስገቧቸዋል፤ ተክል ደግሞ ሌሊት ኦክስጅን ይሻማል፣ ትምህርት ቤት ተምሮታል። ሮበሌ ከሚባል የለቡ ነጋዴ ጋር ተነጋግሮ፣ ችግኙ በሙሉ ተሽጦ ቅዳሜ እንዲነሳ ተስማማ። እናቱ አልተከራከሩም። ለክርክርም ትንፋሽ ያስፈልጋል።

ሐሙስ ጠዋት ዝማሬ የምትባል የባዮሎጂ መምህርት የጽጌረዳ ችግኝ ልትገዛ መጥታ ነገሩን ሰማች። ተክሎች ሌሊት መተንፈሳቸውስ እውነት ነው አለች፤ ተክልም እንደ ሰው ስኳሩን በኦክስጅን እያቃጠለ ጉልበት ያገኛል፣ የተቃጠለውንም አየር ያስወጣል። ቀን ግን ቅጠሉ ያንኑ እኛ ያስወጣነውን አየር በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ስቦ፣ ከሥር ከመጣው ውሃ ጋር በፀሐይ ብርሃን ስኳር ይሠራበታል፤ ኦክስጅኑን ለእኛ ይለቃል።

"ሌሊት የሚወስዱብኝስ?" አሉ እትዬ ሸዋረገድ።

"ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ተደምረው ኤልያቄም የሚተነፍሰውን አያህሉም።"

"እንግዲያው ውጭ ማደር ያለበት ኤልያቄም ነዋ።"

ስቀው ሳይጨርሱ ሳል ያዛቸው። ዝማሬ እጃቸውን ልብ ያለችው ያኔ ነው። እያወሩም ይወለውሉ ነበር፤ ከቅጠሉ የሚነሳው አቧራ በጠዋቷ ፀሐይ እየታየ ቀጥ ብሎ ወደ ፊታቸው ይሄዳል። ጨርቁን ተቀብላ ባልዲው ውስጥ ነከረችው።

"ቅጠሉ የተገላገለውን እርስዎ እየሳቡት ነው፣ እትዬ።"

አፍንጫቸውን ሸፍነው በእርጥቡ እንዲወለውሉ፣ መድኃኒቱንም እንዳያቋርጡ ለመነቻቸው። አርብ ዕለት እንዳለችው አደረጉ። ሳሉ ጨርሶ አልተዋቸውም፤ ሥራቸውን ግን ሳይቀመጡ ጨረሱ።

ቅዳሜ ሮበሌ መኪና ይዞ መጣ። እትዬ ሸዋረገድ ልጃቸውን ወደ ጎን ጠሩት።

"አንድ ወር ስጠኝ። ካልተሻለኝ ራሴ እጭናቸዋለሁ።"

ኤልያቄም መሬት መሬቱን እያየ ወደ ሮበሌ ሄዶ ሽያጩ መቅረቱን ነገረው። ሮበሌ ስለ ነዳጁም ስለ ቃሉም የሚለውን ሁሉ አለ። ሲበርድለት፣ ከመጣ አይቀር ግቢው ፀሐይ እንደማይገባው ተናግሮ የትኛው ችግኝ እንደሚጸድቅለት ጠየቀ። ኤልያቄም አላወቀውም። ዞሮ እናቱን አያቸው፤ እሳቸውም ትንፋሻቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ቀስ ብለው ያስረዱት ጀመር።