ለአያ ፋንታሁን መርፌ የተመረጠው ድንጋይ

ወንድሜን አያ ፋንታሁንን ተቀምጦ ያየሁበት ጊዜ ጥቂት ነው። በጣሊያን ጊዜ ገና ጎረምሳ ሳለ ከቆላ ድባ ተነሥቶ ጎንደር ገባና አንድ ጋራዥ ውስጥ ብረት ተሸካሚ ሆነ። ቀስ በቀስ ብየዳ ለመደ። ጣሊያን ከሄደ በኋላም እዚያው አውቶ ፓርኮ ሰፈር ቀረ። ከአዲ አርቃይ በኩል ገደሉን ወጥተው የሚመጡ የጭነት ማኪናዎች ወገባቸው ተሰብሮ ይደርሳሉ፤ እርሱ በጀርባው ተኝቶ ከማኪናው ሥር ይገባል፣ እሳቱን ወደ ላይ ይዞ ይበይዳል። ፍንጣሪው የሚያርፈው አንገቱና ደረቱ ላይ ነው። ሚስቱ ሞታበት፣ እኔም ባሌን ቀብሬ፣ አንድ ቤት መኖር ከጀመርን ወዲህ ልብሱን የማጥበው እኔ ነበርሁ። ሸሚዞቹ ሁሉ እንደ ወንፊት የተበሱ ነበሩ። ስሰፋ እውልና በሳምንቱ ሌላ ቀዳዳ ይወጣል።

ዕድሜው ሃምሳን ሲያልፍ ወገቡ እምቢ አለ። ጠዋት ጠዋት ከመደብ ሲነሣ መጀመሪያ በጎኑ ይዞራል፣ ከዚያ ግድግዳውን ይይዛል፣ ከዚያ ትንሽ ይቆያል። እኔ ሌላ ነገር የምሠራ መስዬ በዓይኔ እከተለዋለሁ። ጫማውን ሲያስር ከጥርሱ ውስጥ ትንፋሽ ይወጣል።

በ፲፱፻፷ዎቹ መጀመሪያ ባለጋራዡ አቶ ዳኛው ከአስመራ አዲስ የብየዳ ማሽን አመጣ። አርጎን በሚባል ጋዝ የሚሠራ፣ ጭስም ፍንጣሪም የሌለው፣ ስስ ብረትና የማይዝግ ብረት የሚበይድ ነው። ሠራተኛው ጠረጴዛ ላይ አጎንብሶ፣ በርጩማ ላይ ሆኖ ነው የሚሠራው። የዚያን ዕለት አያ ሲገባ ከደጃፉ ጀምሮ ነበር የሚናገረው።

«አባይነሽ! ተቀምጦ ነው የሚሠራው! እንደ ልብስ ሰፊ ተቀምጦ!»

እንደዚያ ሲስቅ ከሚስቱ ሞት ወዲህ አላየሁትም።

ማሽኑ ግን ጠባይ አለው። እሳቱ የሚወጣው እንደ እርሳስ ከቀጠነች፣ ተንግስተን ከምትባል ጠንካራ ዘንግ ጫፍ ነው። አያ «መርፌዋ» ይላታል። መርፌዋ ራሷ አትቀልጥም። ጫፏ በደንብ ከሾለ እሳቱ ዓይን ወዳየበት ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ከተበላሸ ግን ነፋስ እንዳገኘው ጧፍ ወዲያና ወዲህ ይላል። ጋራዡ ውስጥ በመብራት የሚዞር ትልቅ መሳያ ድንጋይ አለ። መጥረቢያው፣ ማረሻው፣ የማኪናው ብረት፣ ሁሉም የሚሳለው በእርሱ ነው። አያም መርፌዋን በዚያው አሾላት። ድንጋዩ ውስጥ የተሰነቀረው የሌላ ብረት ፍርፋሪ መርፌዋ ላይ ተለጠፈ፤ እሳቱ ተፋ፣ ብየዳው ጠቆረ። የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ የአንድ ሆስፒታል የሕክምና ዕቃ መቀቀያ ነበር፤ ከማይዝግ ብረት የተሠራ፣ ትልቅ ድስት የሚመስል ነገር። ተበይዶ ሄደ፣ እያፈሰሰ ተመለሰ።

አቶ ዳኛው ክፉ ሰው አልነበረም። ነገሩን ቁጭ ብሎ ነው የነገረው።

«ፋንታሁን፣ ይሄ ዕቃ ሁለተኛ ካፈሰሰ ማሽኑን ለአስመራው ሰው እመልሳለሁ። ሰውየው ይፈልገዋል።»

«እኔስ?»

«አንተማ የድሮ ሥራህ አለ። የተሰበረ ማኪና መቼ ይጠፋል?»

አያ ይህን የነገረኝ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው። የድሮ ሥራው ምን እንደሆነ እርሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ማኪና ሥር መግባት ነው፤ ከገባ ደግሞ የሚያወጣው ሰው ያስፈልገዋል።

ከዚያ በኋላ መርፌዋን በምን እንደሚያሾላት ማሰብ ሆነ ሥራው። ሞረድ ሞከረ። «ሞረዱን ሳለችው እንጂ እርሷስ አልተነካችም» አለኝ። ከአንገረብ ወንዝ ያመጣሁትን የቢላ መሳያዬን ሞከረ፤ ድንጋዬን ቦይ አወጣችበትና እንደ ደነዘች ቀረች። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስንመለስ ሐብተ ማርያም ሱቅ ጎራ አልን። ሐብተ ማርያም ሚስማር፣ ቁልፍና የብረት ዕቃ የሚሸጥ፣ ወሬ የማይሰለቸው ነጋዴ ነበር።

«መሳያ ድንጋይ? እርሱማ የት ሊሄድ!» አለና በመብራት የሚዞር፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ሸጋ ዕቃ አወጣ። ሰካው፤ ጮኸ።

አያ መርፌዋን ከተጠቀለለችበት ጨርቅ ፈታ፣ አስነካት፣ ወዲያው ወደ ደጃፉ ብርሃን አውጥቶ አያት።

«ምነው፣ ዓይንህን አመመህ እንዴ?» አለ ሐብተ ማርያም።

«ጭረቱን ነው የማየው። እይ፣ ጫፏ ሰማያዊ ሆኗል። ተቃጥላለች። ድንጋዩ ሻካራ ነው፣ ይዘላል።»

«ታዲያ ስለት ነው የምትፈልገው ወይስ ሙሽራ?»

የአያ ዓይን ከታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ አቧራ ለብሶ በተቀመጠ ትንሽ ዕቃ ላይ ነበር። ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ የሚታሰር፣ በእጅ የሚዞር፣ ድንጋዩ ነጣ ያለና ልስልስ። አወጣው፣ አቧራውን በክንዱ ጠረገ፣ በጣቱ ዳበሰው።

«እርሱንማ ሴቶች መቀስ ይስሉበታል» አለ ሐብተ ማርያም። «መብራት ባለበት አገር በእጅ?»

«በመብራቱማ ተቃጠልን።»

«እሺ፣ ሁለት እጅህ መርፌዋን ከያዘ ማን ያዞርልሃል?»

አያ ወደ እኔ ዞረ።

«አዞራለሁ» አልሁ። «ይህ እጅ ዕድሜውን ወፍጮ ላይ ነው የጨረሰው።»

እዚያው አሰረውና አዞርሁለት። መርፌዋን በቁመቷ ይዞ፣ በጣቶቹ መሐል ቀስ እያለ እያንከባለለ አስነካት። እንደገና ወደ ብርሃኑ ወጣ። አሁን ጭረቱ ከወገቧ ወደ ጫፏ ይወርዳል፤ ዙሪያዋን የሚጠመጠም አንድም መስመር የለም። «እሳቱ ይህን ተከትሎ ነው የሚወርደው፤ እንደ ቦይ ውኃ» አለኝ። ሐብተ ማርያም ደግሞ አረንጓዴውን ዕቃ እየነቀለ፣ «በሉ፣ እህትና ወንድም ፍጩ እንግዲህ» አለ።

ድንጋዩን ጋራዥ አልወሰደውም። እዚያ ከወሰደው አንዱ ገበሬ እስከ ምሳ ሰዓት መጥረቢያ ይስልበታል። ቤታችን ጠረጴዛ ላይ አሰረውና አስጠነቀቀኝ፦ ከመርፌዋ በቀር ምንም፤ ቢላ የለም፣ መቀስ የለም፣ ሚስማርም የለም። አንድ የብረት ፍርፋሪ ከገባበት አለቀ። እኔም ጨርቅ አለበስሁት።

ከሥራ ሲመለስ፣ ፀሐይ ገና ሳትገባ፣ እኔ አዞራለሁ፣ እርሱ ያሾላል። ደቃቅ ብናኝ ስለሚነሣ አፍንጫውን በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ያስራል። አንዳንዴ መርፌዋን ከድንጋዩ ያነሣና ግንባሩን ክንዱ ላይ ያሳርፋል።

«ደከመህ አያ?»

«የለም። ትንሽ ላስብ ብዬ ነው።»

እንደደከመው አውቃለሁ። እኔም ትከሻዬ ዝሎ ነበር፤ ግን አላቆምሁም። በቁርጥራጭ ብረት ላይ እየሞከረ ያመጣልኝ ጀመር፤ ብየዳው እንደ ሹሩባ ተደርድሮ፣ ነጭ ሆኖ። የሆስፒታሉ ዕቃ የሚበየደው ከፋሲካ በኋላ ሥራ በሚከፈትበት ቀን እንዲሆን ተቆረጠ።

በሰፈራችን ልማድ አለ። ቅዳም ሥዑር ዕለት በጉ ደጅ ሲታሰር ቢላው ሁሉ ይወጣል፤ ጥሩ ድንጋይ ያለው ሰው ቤት ሰፈሩ ሁሉ ቢላውን ይዞ ይሄዳል። እሳት ለጎረቤት እንደማይከለከል ሁሉ ድንጋይም አይከለከልም። የእኛ ድንጋይ ድምፅ ደግሞ በአጥር ሲሰማ ሰንብቷል።

መጀመሪያ የመጣው አለበል ነው። አለበል ከአይከል እህል እያመጣ የሚሸጥ ጎረቤታችን ነው፤ ወገኖቹ የጭልጋ ቅማንቶች ናቸው። አባቱ ክርስትና የተነሣው በስተርጅና ነው፣ አለበል ግን በሕፃንነቱ። ሁዳዴን አንድ ቀን ሳይገድፍ ይጾማል። ሆኖም አለበል በግ አርዶ ሲጠራ፣ ቅማንት ያረደውን ላለመብላት «በልቼ መጣሁ» የሚሉ ሰዎች በሰፈሩ ነበሩ። እርሱ ይህን ያውቃል፤ ያውቃልና ዝም ይላል።

«አያ ፋንታሁን፣ እንዴት ዋልህ? ይችን ቢላ ቶሎ ሳልልኝ፣ በጉ አፍጥጦ እያየኝ ነው!»

አያ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

«አለበል ወንድሜ፣ በዚህ ድንጋይ ቢላ አይሳልም።»

«ምነው? ለጌጥ ነው ያሰርኸው?»

«የሥራዬ ነው። ሌላ ብረት ከነካው ይበላሽብኛል።»

አለበል ቢላውን አየ፣ ድንጋዩን አየ።

«አንዲት ቢላ?»

«አንዲትም ብትሆን።»

«ገባኝ። ሌላው እንኳ በልቼ መጣሁ ይለኛል፤ ሆዱን ነው የሚያሳብበው። አንተ ደግሞ ድንጋይ አገኘህ።»

«አለበል! በመስቀሉ! እንዲያ አይደለም!»

«በዓሉን በሰላም ያውለህ» ብሎ ቢላውን በጋቢው ሸፍኖ ወጣ።

ከእርሱ ቀጥለው ሌሎች መጡ፤ ሁሉንም መለሳቸው። አንዷ «የሆስፒታል ድስት ከጌታ ትንሣኤ በለጠ?» ብላ እየተራገመች ሄደች። ግን ሌሎቹ መመለሳቸውን አለበል አላየም። አያ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ ቀረ።

«አንድ ቢላ ብትስልለትና ድንጋዩን ብናጥበውስ?» አልሁት።

«አይታጠብም፣ አባይነሽ። ሌላ ድንጋይ የለኝም። ሌላ ወገብም የለኝም።»

ከዚያ የእኛኑ ቢላ ከሰቀልሁበት አወረደ፣ ጋቢውን ለበሰ፣ «ነይ» አለኝ።

አለበል ግቢው ውስጥ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ውኃ እያፈሰሰ ቢላውን ይስላል። ሚስቱ ደብሪቱ ደጃፍ ላይ ቆማለች። ሰላምታችንን በግማሽ አፋቸው መለሱ።

«ቢላዬን ሳልልኝ» አለ አያ።

«ድንጋይ ያለህ አንተ አይደለህ?»

«የእኔም ቢላ አይነካውም። እየው፣ ቅቤ አይቆርጥም።»

አለበል ቢላውን ተቀብሎ በአውራ ጣቱ ሞከረው። እውነትም ዶማ ሆኗል።

«ደግሞ ነገ ጎንበስ ብዬ ማረድ አልችልም፤ ወገቤ አይሆንልኝም። በጌን አንተ እረድልኝ። በራስህ ቢላ።»

አለበል ቀና አላለም። «ቤትህ የሚመጣ ሰው ሁሉ ማን አረደው ይላል።»

«ይበል። እነግረዋለሁ።»

«የማይበላ ቢኖርስ?»

«ለእኔና ለአባይነሽ ይተርፈናል።»

አለበል በአፍንጫው ሳቅ አለ፤ የሳቅ ግማሽ ነው። ደብሪቱ በርጩማ አወጣችለትና አያ ወገቡን ይዞ ተቀመጠ። አለበል ቢላችንን መሳል ጀመረ። ሲጨርስ፣ «ድንጋይህን ግን አልወደድሁትም፣ አያ» አለ።

«እኔም አንዳንዴ አልወደውም» አለው አያ።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት አለበል መጥቶ በጉን አረደ። ለወትሮው ከሚመጡት እንግዶች አንዳንዶቹ መጡ፣ አንዳንዶቹ በልተናል ብለው ቀሩ። አያ አልወቀሰም፤ ለመውቀስም አቅም አልነበረውም። ሳህኑን ወደ አለበል እየገፋ፣ «ብላ እንጂ፣ ድካምህ ነው» ይለው ነበር። አለበል በላ። ብዙ አልተጫወተም፤ ደብሪቱ ግን ከእኔ ጋር እስከ ከሰዓት ቆየች።

ሥራ በተከፈተ ቀን ምሳውን ይዤ ጋራዥ ወረድሁ። ብዙ መርፌዎች አስቀድመን አሹለን በየጨርቃቸው ጠቅልለናቸው ነበር። ብርሃኑን እንዳላይ ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥሁ። የሚሰማኝ የጋዙ ፉጨት ብቻ ነው። አንዷ መርፌ የቀለጠውን ብረት ነክታበት ስትበላሽ ቆም ይላል፣ ጨርቅ ሲፈታ ይሰማኛል፣ ሌላዋን ይተካል፣ ይቀጥላል። ምሳው በረደ።

ሲጨርስ ዕቃውን ውኃ ሞሉበትና ከሥሩ እሳት አነደዱ። ውኃው ፈላ። አቶ ዳኛው ጎንበስ ብሎ ብየዳው ላይ ነጭ ወረቀት ለጠፈ፤ ትንሽ ጠበቀና አንሥቶ አየው። እንደገና ለጠፈ። ወረቀቱ ደረቅ ነው።

«ይዟል» አለ። «ነገ ለሆስፒታሉ እልካለሁ። ማሽኑም እዚሁ ይቆይ። ግን ፋንታሁን፣ ከውጭ የአዲ አርቃዩ ማኪና ቆሟል፣ ሥሩን አንድ ጊዜ ብታይልኝ...»

«ለሌላ ሰው ስጠው» አለ አያ። ድምፁ ከፍ አላለም።

አቶ ዳኛው ትንሽ ተመለከተው። «እሺ» አለና ወደ ውጭ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ አያ ፋንታሁን ማኪና ሥር አልገባም። ያን ዕለት ግን የተደሰተም አይመስልም ነበር። የፊት መከለያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ በርጩማው ላይ እንደሆነ ዓይኑን ጨፈነ። ምሳህን ላሙቅልህ አልሁት። ቆይ አለኝ። ሠራተኞቹ ውኃውን ደፍተው፣ ዕቃውን ተሸክመው ከሄዱ በኋላ ነው ዓይኑን የገለጠው።

«አባይነሽ፣ እጅሽን ስጪኝ» አለ። «ብዙ ተቀምጬ ነው መሰለኝ፣ መነሣት አቃተኝ።»