ይርጋ ጥርሴን ያወለቀበት ፊልም

ባለፈው ሳምንት የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ አፌን ከፍቼ ተጋድሜ ነበር። ሐኪሟ እዚሁ የተወለደች የእኛው ልጅ ናት፤ አማርኛዋ እንደኔ ጥርስ ነው፣ አንዱ አለ አንዱ የለም። ሰው ሠራሹን ጥርሴን አውልቃ ከፊት በኩል ያለውን ክፍተት በብረቷ ነካ ነካ አደረገችና፣ «አባባ፣ ይሄ በሽታ አይደለም። ተሰብሮ ነው የወጣው። ማን መታህ?» አለችኝ። ለሽማግሌ «መታዎት» እንደሚባል ማንም አልነገራትም፤ እኔም አፌ በብረት ስለተሞላ አላረምኳትም።

ስትለቀኝ «ጓደኛዬ» አልኳት።

«ለምን?»

«ስለ አስፈሪ ፊልም ስናወራ።»

የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። ቀልድ የሚያበዛ ሰው ችግሩ ይሄ ነው፤ እውነት ሲናገር የሚያምነው የለም። ማደንዘዣውን ወግታኝ ከንፈሬ የሌላ ሰው ከንፈር ሆኖ ሲከብደኝ፣ እኔ በሐሳብ የዛሬ አርባ ዓመት ግድም ወደነበረ ዝናባማ ወቅት ሄድኩ።

ይርጋና እኔ በሱዳን በኩል ወደዚህ ወደ አይሁድ አገር ከመጣን ዓመት ቢሞላን ነው። ፔታሕ ቲክቫ ከተማ፣ ራማት ቬርበር ሰፈር፣ አንድ ሕንጻ ውስጥ እንኖር ነበር፤ እኔ ላይኛው ፎቅ ከአጎቴ ጋር፣ እሱ ታች ከእናቱ ከእማማ ውባለም ጋር። ሁለታችንም ሰጉላ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ባለ አንድ የፕላስቲክ ወንበር ፋብሪካ እንሠራለን። ማሽኑ ወንበሩን ትኩስ ትኩሱን ይተፋል፣ እኛ የተረፈውን ጠርዝ በቢላ እንቆርጣለን። የዚያ ዘመን ወንበሮች ዛሬም በየሠርጉ አይጠፉም፤ ተቀምጠህ ካወዛወዘህ የእኔ እጅ ሥራ ነው።

የማለዳውን ፈረቃ ስንጨርስ ገና ፀሐይ ናት። አውቶቡስ ይዘን ወደ መሀል ከተማ እንሄድና የቀን ፊልም እንገባለን። ይርጋ የሚመርጠው ደም ያለበትን ብቻ ነው። እንግዶቹን ወፍጮ ውስጥ እየከተተ የሚፈጭ ሰውዬ አየን። በሠርጓ ቀን ሚዜዎቹን በመጥረቢያ የጨረሰች ሙሽራ አየን። እኔ ጎንደር ከተማ ተማሪ ሳለሁ ሁለት ጊዜ ሲኒማ ቤት ገብቼ ስለነበር ራሴን የፊልም ሊቅ አድርጌ ነበር የምቆጥረው፤ አንዱን ጊዜ እንኳ መብራት ጠፍቶ ግማሹን ብቻ ነው ያየሁት። ፊልሙ የሚናገረው በእንግሊዝኛ፣ ከታች የሚጻፈው በዕብራይስጥ። ኡልፓን ከሚሉት የቋንቋ ትምህርት ቤት ፊደሉን ለይቼ ስለነበር አንባቢው እኔ ነኝ። አንዱን ቃል አንብቤ ቀና ስል ሦስት ሰው ታርዶ ይጠብቀኛል።

ስለዚህ እውነተኛው ፊልም የሚጀምረው ከወጣን በኋላ፣ ፋላፌል ከሚሉት የሽምብራ ጥብስ መሸጫ ድንኳን ፊት ነበር። የሚንጣጣ ዘይት ሽታ፣ የራሰ አስፋልት ሽታ፣ ከከተማው ጫፍ ካሉት እርሻዎች የሚመጣ የብርቱካን ሽታ። በዚያ መሀል ቆመን ስለ መታረድ እንከራከራለን።

«ወፍጮኛው ለምን ፈጃቸው?» ይላል ይርጋ።

«እህል ሳይዙ መጡበታ! ወፍጮው ባዶውን ከሚዞር ብሎ ነው።»

«ሂድ ወዲያ! ልጁን ስለገደሉበት ነው። ግድግዳው ላይ ፎቶውን አላየህም?»

«ያ የራሱ ፎቶ ነው፣ የልጅነቱ።»

«አንተ ጽሑፍ ስትቆጥር ፊልሙ አመለጠህ።»

እውነቱን ነው መሰለኝ። እሱ ሳያነብ ይገባው ነበር። ግን ብዙ ነገሩ ግራ ነው። ሲኒማ ቤት ከእኔ አጠገብ አይቀመጥም፤ በመሀላችን አንድ ወንበር ባዶ ይተዋል። የሰው እጅ አይጨብጥም። ውሃ የሚጠጣበትን ጣሳ በሽቦ አስሮ ከወገቡ አይለየውም። ኩራት መስሎኝ «ደጃዝማች» እያልኩ እጠራው ነበር። 

አንድ ቀን እማማ ውባለም ደረጃው ላይ ጠብቀው ያዙኝ።

«አበጀ ልጄ፣ ይሄ ልጅ ከሱዳን ወዲህ እጄን አይቀምስም» አሉኝ። «ሳህኑ ለብቻው፣ ውሃው ለብቻው። ጉልበቴን ሊስም ይመጣና ከክፍሌ በር ይመለሳል። አንዱን ልጄን አፈር በላው፤ ይሄኛው ደግሞ በቁሙ ጠላኝ። ምን አድርጌው ነው? እስቲ አንተ አውጣጣልኝ።»

አፈር የበላው የይርጋ ታናሽ ወንድም ዳኛው ነው። ሱዳን መጠለያ ውስጥ ታሞ ሞተ። ለእማማ ውባለም የተነገራቸው የመጠለያው ሠራተኞች ወስደው እንደቀበሩት ነበር።

«በሰደር፣ እሺ፣ ለእኔ ይተዉት» አልኳቸው። ምስጢር የማወጣጣው በቀልድ ነው፤ ሌላ መሣሪያ አልተሰጠኝም።

የዚያን ሳምንት የገባንበት ፊልም ከሁሉም የከፋ ነበር። የአንድ መንደር ሙታን ከመቃብር ተነሥተው ቤት ለቤት እየገቡ ሰው ይቦጫጭቃሉ። አንድ ጎረምሳ ብቻ ዶማ ይዞ ቆመ። ራስ ይፈልጣል፣ ክንድ ይገነጥላል፣ ደሙ ከፀጉሩ እስከ ጫማው ይንጠባጠባል። እኔ ግማሹን በጣቶቼ መሀል፣ ግማሹን ደግሞ ከወንበሩ ሥር ጎንበስ ብዬ ነው የተከታተልኩት። ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። ጫማው ማሰሪያ አልነበረውም። ሲነጋ ጎረምሳው ሙታኑን ጨርሶ፣ በደም ተነክሮ ወደ ቤቱ ሄደ። እናቱ በሩን ከፍታ ልታቅፈው እጇን ዘረጋች።

«አትንኪው!» ብሎ ይርጋ ብድግ አለ። «አንቺ ሴት፣ አትንኪው!»

ከኋላችን የተቀመጡት የሱፍ ፍሬ ገለባ ወረወሩብን። መብራት በራ። ይርጋ ላብ በላብ ሆኗል።

ፋላፌል መሸጫው ጋ ስንደርስ፣ አሁን ነው ማውጣጣት ብዬ ጀመርኩ።

«እኔ የማይገባኝ» አልኩ ፒታ ዳቦዬን እየገመጥኩ፣ «ይሄ ሁሉ ጩኸት ለምንድን ነው? ሬሳ ከነካህ ሰባት ቀን ከሰው ተለይተህ ትቀመጣለህ፣ ወንዝ ወርደህ ትታጠባለህ፣ ቤትህ ገብተህ እራትህን ትበላለህ። አገራችን እንዲህ አልነበር? ማን ፊልም ሠራብን? ያ ጎረምሳ የእኛ ሰፈር ልጅ ቢሆን…»

አልጨረስኩትም። ቡጢው ከየት እንደመጣ አላየሁም። ጀርባዬ ከመሸጫው ብረት ጋር ተላተመ፣ አፌ በደምና በሽምብራ ተሞላ። ጥርሴን ከፋላፌሉ ጋር ልውጣት ምንም አልቀረኝ። ተነሥቼ እኔም በሙሉ ኃይሌ ሰነዘርኩ፤ የመታሁት የድንኳኑን ምሰሶ ነበር። ሻጩ የሰላጣ ቢላውን እንደያዘ ወጥቶ በማናውቀው ቋንቋ ሰደበን።

ይርጋ አልሸሸም፣ ይቅርታም አላለኝ። ሁለት እጆቹን ዘርግቶ እያያቸው ወደኋላ ወደኋላ ይላል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ነካሁህ» አለ። «አበጀ፣ ነካሁህ እኮ።»

«ነካሁህ ትላለህ እንዴ! ገደልከኝ እንጂ!»

«አልገባህም። ነካሁህ።»

እኔ አውቶቡስ ማቆሚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ደሜን ስተፋ፣ እሱ ዝናቡ ውስጥ ራቅ ብሎ ቆሞ ነገረኝ። ዳኛውን የቀበሩት የመጠለያው ሠራተኞች አልነበሩም። እሱ ነው። በትከሻው ተሸክሞ ወጥቶ፣ አካፋ ስላልነበረ በሰሃን ስባሪና በጥፍሩ ቆፈረ። መሬቱ ድንጋይ ነበርና ጉድጓዱ አልጠለቀም። በነጋታው ሲሄድ ጅብ አውጥቶት አገኘው። የተረፈውን ሰብስቦ እንደገና ቀበረው። መጠለያው ውስጥ አይሁድ መሆናችንን ደብቀን ነበር የምንኖረው፤ አንድ ሰው ሰባት ቀን ተለይቶ ቢቀመጥ ጎረቤት ይነቃል። ሽማግሌዎቹ «ለእናትህ አትንገር፣ ካወቀች ሥርዓቱ ይፈጸም ብላ ታስፈጀናለች» አሉት። ሳይለይ፣ ሳይታጠብ መኪና ላይ ጫኑት።

«ፊልሙን ለምን የማየው ይመስልሃል?» አለኝ። «ሁሉም ሬሳ ይነካሉ። ማንም አይታጠብም። መጨረሻ ላይ እናታቸውን ያቅፋሉ። እሷ ምን እንደምትሆን ልይ ብዬ ነው የምቀመጠው። ሁልጊዜ እዚያ ላይ ያቆሙታል።»

«እና ለምን አሁን አትታጠብም?»

«የት? ፎቅ ቤት ውስጥ የት ነው የምለየው? ደግሞ ዘንድሮ ውሃ ልግባ ብል ምን እንደሚሉኝ አታውቅም?»

አውቃለሁ። ያን ጊዜ «ውሃ ካልተነከራችሁ አይሁድነታችሁ ሙሉ አይደለም» የሚሉን የአገሩ ረቢዎች ነበሩ፤ ሁላችንም አሻፈረን ብለን ነበር። ይርጋ ውሃ ገባ ቢባል እጁን ሰጠ ይባላል። ውሃ የናፈቀ ሰው ውሃውን ፈርቶት ቆመ።

ክፋር አቭራሃም ከሚባለው ሰፈር ባሻገር ያኔ የብርቱካን እርሻ ነበር፣ መሀሉ ላይ የተተወ የቆርቆሮ ዳስ። ይርጋን እዚያ አስገባሁት። ለእናቱ ዘመድ ሊጠይቅ ሄደ፣ ለፋብሪካው አለቃ ታመመ አልኩ። ከፈረቃ ስወጣ ዳቦና ሽሮ ይዤ እሄድና ድንጋይ ላይ አስቀምጬ እርቃለሁ። እሱ ወጥቶ ይወስዳል። ከዚያ ከሩቅ ሆኜ ያላየሁትን ፊልም እየፈጠርኩ እጮህለታለሁ። «አንገቱን ቆረጠው! ራሱ ግን ማውራቱን አላቆመም!» እለዋለሁ። «ምን አለ?» ይለኛል። «ወረፋ ያዙ አለ!»

አንድ ቀን ጩኸቴን የሰማ የእርሻው ዘበኛ፣ ዱላና ውሻ ይዞ በዛፎቹ መሀል ከተፍ አለ። ሸምገል ያለ ግን በሬ የሚያህል ሰው ነው። በቀጥታ ወደ ይርጋ ሮጠ። ይርጋ እጁን ወደ ሰማይ ሰቅሎ «አትንካኝ! ለራስህ ነው፣ አትንካኝ!» እያለ በአማርኛ ይሸሻል። ዘበኛው ሌባው የሰደበው መስሎት ባሰበት። ያንን ሰው እንዳያረክሰው ብሎ ነው የሚሮጠው፤ ሰውዬው ደግሞ ራሱን ሊከፍትለት ያሳድደዋል።

እኔ ጀግና ስላልሆንኩ ሌላ ነገር አልመጣልኝም፤ እግሩ ላይ ተጠመጠምኩ። ወደቅን። ዱላው ትከሻዬ ላይ፣ ወገቤ ላይ፣ ከዚያ የማልጽፈው ቦታ ላይ አረፈ። ውሻው ሱሪዬን ዘለዘለው። በዚያች በጎደለች ዕብራይስጤ «ወንድሙ ሞተ! ወንድሙ ሞተ!» ብዬ ጮህኩ።

ዱላው አየር ላይ ቆመ። ሰውዬው ይርጋን አየው፤ ከአንድ ዛፍ ጀርባ ተጣብቆ ያለቅሳል። ዘበኛው እያለከለከ ተነሣ፣ ውሻውን በአንገቱ ያዘ። «ብርቱካኑን እንዳትነኩ» ብቻ ብሎን ሄደ። ኪሴ በብርቱካን ተወጥሮ ነበር፤ ግማሹ በዱላው ተጨምቋል።

ሰባተኛው ቀን ወደ ማታ ሲል ያርቆን ወንዝ ወረድን። ይርጋ ከነልብሱ ገብቶ ቆየ፣ ብቅ ይላል፣ ይጠልቃል። እኔም በቡጢው በኩል ተነክቻለሁና ገባሁ። ውሃው እንደ ምላጭ ነበር። እንደኔ የጮኸች ሴት በአንድም ፊልም አላየሁም።

ፀሐይዋ ስትጠልቅ ይርጋ ከእናቱ ደጃፍ ላይ ውሃ እያንጠባጠበ ቆመ። እማማ ውባለም ከራሱ እስከ እግሩ አዩት። የአገር ቤት ሴት ናቸው፤ የራሰ ልብስ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊያስረዳቸው አያስፈልግም።

«የቀበርከው አንተ ነበርክ?» አሉት።

«አዎ እማ።»

«በእጅህ?»

«በእጄ።»

መሬት ላይ ተቀመጡ። ደረት ሊመቱ ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ፣ «እንግዲያ ባዕድ አልነካውም። አፈር ያለበሰው ወንድሙ ነው» አሉ። ተነሥተው ፊቱን በሁለት እጃቸው ያዙት። ይርጋ ምት እንደሚጠብቅ ሰው ዐይኑን ጨፈነ። ከዚያ ከምስር ወጡ ጠቅልለው ቡጢ የሚያህል ጉርሻ አጎረሱት። የጅቡን ነገር ግን እሱም እኔም አልነገርናቸውም። ይህን ጽሑፍ የሚያነብላቸው ይርጋ ስለሆነ እዚያ ላይ መዝለሉን ያውቅበታል።

እማማ ውባለም ዛሬ ከዘጠና አልፈዋል፤ ዐይናቸው ጠፍቷል። ይርጋና እኔም ሸምግለናል። እሱ ደም ያለበትን ፊልም ትቶ የምግብ አሠራር ፕሮግራም ነው የሚያየው፤ እሱንም እንከራከርበታለን። እኔ በዕድሜዬ ብዙ የሚያስፈራ ነገር አይቻለሁ፣ ተደብድቤም አውቃለሁ። አንድ ሰው እናቱን ከራሱ እጅ ሊጠብቃት ዓመት ሙሉ ከበሩ ሲመለስ እንደማየት ግን ያስፈራኝ የለም።

ሰንበት ሰንበት እነሱ ቤት ምሳ እበላለሁ። እማማ ከማጉረሳቸው በፊት የልጃቸውን ፊት በጣታቸው ይዳስሳሉ፤ ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ አገጩን። ባለፈው ሰንበት ይርጋን ገፋ አድርጌ የእኔን ፊት አቀረብኩላቸው። ዳሰሱኝ። አፍንጫዬ ላይ ሲደርሱ ቆሙና፣ «ይሄስ የኔ አይደለም!» ብለው በጥፊ አጮሉኝ። ይርጋ ትን እስኪለው ሳቀ። እማማ እሱን ፈልገው አጎረሱት። ከዚያ እጃቸውን መልሰው ወደ ትሪው ሰደዱና፣ «ያኛውስ የት ሄደ?» ብለው ለእኔም ጠቀለሉልኝ።