የተቆረጠው ሦስተኛ እግር

ታናሽ ወንድሜ የተበላሸ የኤሌክትሪክ ዕቃ ይጠግናል። ሱቁ ከቤታችን ፊት ለፊት ናት፤ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ሰፈሩ «እግር ቆራጩ» ይለዋል። የሚቆርጠው ግን የሰው እግር አይደለም። የሰፈራችን የግድግዳ ሶኬት ባለ ሁለት ቀዳዳ ነው። ከውጭ አገር የሚመጣ ዕቃ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ስፒናው ባለ ሦስት እግር ይሆናል። እሱ ታዲያ ፒንሳውን ያነሳና መሐለኛዋን እግር ቀጭ ያደርጋታል። ዕቃው ይሰካል፣ ይሠራል፣ ባለቤቱ አመስግኖ ይሄዳል። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሲቆርጥ ኖረ።

ቁጡ ሰው ነው፤ ውሃ ቀጠነ ብሎ ይጣላል። ራዲዮ ይዞ የመጣውን ደንበኛ «ምን አድርገህ ሰበርከው?» ይለዋል፤ ሠርቶ ሲመልስለት ደግሞ «ለምን ቶሎ አላመጣኸውም?» ብሎ ይጮህበታል። እናታችን ስትሞት የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ትኩሳት ሲይዘው ሌሊቱን ሙሉ አቅፌው አድሬያለሁ። እወደዋለሁ። ይህን የምጽፈው ግን ተቆጥቼ ነው፤ ቁጣዬም ገና አልበረደም።

የልጄ ልጅ ልብስ ሰፊ ናት። ስልሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። ዘንድሮ ለሦስት ወር ሥልጠና ውጭ አገር ተጠራች። የመጣላት ደብዳቤ መቀስሽን፣ ሜትርሽንና ካውያሽን ይዘሽ ነይ ይላል። ካውያዋ ከባድ ነው፣ ሆዱ ብረት ነው፣ ስፒናውንም ወንድሜ እንደ ልማዱ ቆርጦታል።

ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት ሻንጣዋ ሳሎን ወለል ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል። ወንድሜ ከሱቁ አንድ የውጭ አገር ሶኬት ይዞ መጣና አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«ይኸውልሽ፣ እዚያ የምታገኚው ሶኬት እንዲህ ያለ ነው። የታችኞቹ ሁለት ቀዳዳዎች ውስጥ ክዳን አለ። ላይኛው ቀዳዳ ውስጥ አንድ ነገር ካልገባ አይከፈቱም። አንቺ የእስክሪብቶ ቀፎ ላይኛው ውስጥ ትሰኪያለሽ፣ ክዳኑ ሲከፈት ካውያሽን ከታች ታስገቢያለሽ። አለቀ።»

«ጋሼ፣ ሰዎቹ ግን ክዳኑን ለምን ሠሩት?»

«ሥራ ፈተው።»

«ቮልቱስ?»

«ከእኛው ጋር ይስማማል። የካውያው ጀርባ ላይ ተጽፏል፣ አያትሽ ታንብብልሽ። ያገኘችውን ካላነበበች እንቅልፍ አይወስዳትም።»

እውነቱን ነው፤ ዘግይቶ የተማረ ሰው የሲሚንቶ ከረጢትም ቢሆን ያነባል። ካውያውን ገልብጬ አነበብኩ። ከ220 እስከ 240 ቮልት ይላል፤ በዚህስ ትክክል ነበር። ነገር ግን የካውያው ካርቶን ውስጥ ማንም ገልጦት የማያውቅ ቀጭን የመመሪያ መጽሐፍ አለ። በብዙ ቋንቋ ተጽፏል፣ የእኛው መጨረሻ ላይ ነው። ጣቴን ከሥሩ እያስኬድኩ ሁለቴ ለራሴ አነበብኩ፤ ከዚያ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

«ይህ ዕቃ የብረት አካል አለው። የመሬት መስመር ካለው ሶኬት ጋር ብቻ ይገናኝ። የመሬቱን እግር መቁረጥ ለሞት ሊያደርስ ይችላል።»

ወንድሜ ሳቀ። «ፋብሪካ ሰው ለማስፈራራት የማይጽፈው የለም። ሠላሳ ዓመት ቆረጥኩ፣ ማን ሞተ?»

«አጣቢዋስ?» አልኩት።

አጣቢዋ ከእኛ ሁለት ቤት አልፋ ትኖራለች፤ የሰው ልብስ አጥባ፣ ተኩሳ ትተዳደራለች። አምና ስትተኩስ ካውያዋ ነዘራትና ከግድግዳ ጋር አጋጫት። ከዚያን ቀን ወዲህ የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም። ሰፈሩ በሙሉ በእርጥብ እጇ ነክታ ነው አለ። መጀመሪያ ያለው ወንድሜ ነበር። እኔም ልጠይቃት ሄጄ፣ የተጎዳውን እጇን ይዤ፣ «ልጄ፣ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይዘነጋል?» ብያታለሁ።

«እትዬ፣ እሷን አታንሺብኝ።»

«አነሳታለሁ። የካውያዋን እግር የቆረጠው ማን ነው?»

ተናዶ ተነሳ። እኔን ሊያሳፍር፣ የልጅቷን ካውያ ግድግዳው ላይ ሰካና መፈተሻ ካቻቪቴውን ከኪሱ አወጣ፤ እጀታው ውስጥ ኤሌክትሪክ ያለበትን ሲነካ የምትበራ ትንሽ አምፖል አለችበት። ጫፉን የካውያው ሆድ ላይ አሳረፈ። አምፖሏ ቦግ አለች። አነሳና ሌላ ቦታ አሳረፈው። እዚያም በራች። ካውያውን ነቀለ፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ፈታታው። ገመዱ የሚገባበት ላይ ፕላስቲኩ በሙቀት ደርቆ ተሰንጥቋል፤ ራቁቱን የቀረው ሽቦ የካውያውን ብረት ተደግፎ ተኝቷል።

«ትናንት ቀሚሴን የተኮስኩት በዚህ ነው» አለች ልጅቷ።

«ምን ተጫምተሽ ነበር?» አላት ወንድሜ።

«የላስቲክ ነጠላ ጫማ።»

ወንድሜ ቁጭ አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እግሩ ባይቆረጥና ሶኬቱም የመሬት መስመር ቢኖረው ኖሮ፣ ሽቦው ብረቱን በነካበት ቅጽበት ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት ሄዶ ፊውዙን ያቃጥል ነበር አለ። ካውያው ራሱ መታመሙን ይናገር ነበር። አሁን ግን የሰው እጅ እስኪነካው ይጠብቃል።

«ይህን ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«ሥራዬ ነው እኮ፣ እትዬ።»

ደሜ ፈላ። አላውቅም ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። እያወቀ ነው የቆረጠው፤ ሁሉም ስለሚቆርጥ፣ ደንበኛው ስለሚቸኩል፣ ለሰፈሩ ሶኬት ስለሚመች። «ውጣልኝ» አልኩት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳደግኩትን ልጅ ከቤቴ አባረርኩ።

በማግሥቱ አዲስ ገመድና ባለ ሦስት እግር ስፒና ይዞ መጣ፣ ካውያውን ሠራው፣ እንደ ልማዱም ልጅቷን እየተቆጣ የሚለውን እንድትጽፍ አዘዛት።

«ደረቱን ነፍቶ ለዓለም ሁሉ የሚሆን የሶኬት አስማሚ አለኝ የሚልሽን ሻጭ አትመኚው። ገልብጠሽ እዪው፤ ሦስቱንም እግር የማይቀበል ከሆነ ጥለሽለት ሂጂ። የስልክ መሙያ አስማሚ ካውያ አይችልም፣ ቀልጦ ይቀራል። አስማሚ ደግሞ ቅርጽ እንጂ ቮልት አይቀይርም፤ የማንኛውንም ዕቃ ጀርባ ሳታነቢ አትሰኪ። እስክሪብቶ መጻፊያ ነው።»

«ትናንት ግን እንዲህ አላልክም ነበር።»

«ትናንት ደደብ ነበርኩ። እሱንም ጻፊው።»

ልጅቷ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

«የራሳችን ልጅ ስትሆን ነው ዓይንህ የበራው?»

«አሁን ምን አድርግ ነው የምትይኝ?»

«ታውቀዋለህ።»

ተነስቶ ወጣ። ከሱቁ ረጅም የመዳብ ዘንግ፣ ጥቅል ሽቦና አካፋ ይዞ ወደ አጣቢዋ ቤት ሲሄድ አየሁትና ተከተልኩት። እሷ ደጃፏ ላይ በግራ እጇ ልብስ ትጨምቃለች።

«ምን ፈለግክ?»

«የካውያሽን እግር የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእጅሽ እርጥበት አይደለም። ዘንግ ከግድግዳሽ ሥር ቀብሬ የመሬት መስመር ላስገባልሽ ነው፤ ሶኬቱንም ስፒናውንም እቀይራለሁ።»

የያዘችውን አንሶላ እስከ መጨረሻው ጨመቀችው።

«ዓመት ሙሉ ሰው ጅል ሲለኝ ትሰማ ነበር።»

«እሰማ ነበር።»

«ቆፍር። ስትጨርስ እኔ እወጣለሁ፣ ያኔ ትገባለህ። ካንተ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አልቆምም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እማማ፣ እርስዎም ያሉኝን አልረሳሁትም።»

መሬቱ ደረቅ ነው፤ ወንድሜ ላብ በላብ ሆኖ እስኪመሽ ቆፈረ፣ እኔም አፈሩን በእጄ እየዛቅኩ ወደ ጎን ከመርኩ። በማግሥቱ ጠዋት የልጄ ልጅ ሄደች። ካውያዋ እዚያ ሳይነዝራት እንደሚሠራ ጽፋልናለች። አጣቢዋ አዲሱን ሶኬት ትጠቀምበታለች። መንገድ ላይ ስታገኘን ግን ሰላምታችንን አትመልስም፤ ልክ ናት።