የውሃ እርሾ

ልጄ ጎረቤታችንን «አክስቴ» ማለት የጀመረችው የዓሣው ገንዳ ከመጣ በኋላ ነው። አክስቶቿ ጎጃም ናቸው፣ የእኔ እህቶች። በባለቤቴ ሥራ ምክንያት ሐይቅ ከተማ ስንገባ ልጄ ገና በጀርባዬ ነበረች፤ ዘመዶቿን የምታውቃቸው በስልክ ድምፃቸው ብቻ ነው። ቃሉን የምታኖርበት ብታጣ አይፈረድባትም። እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር እንደ እሾህ ይወጋኝ ነበር።

ጎረቤቴ ከዓረብ አገር የተመለሰች ወጣት ሙስሊም ናት። ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ሳቋ ግን ግቢ ይሞላል። ሌላው ወርቅና ቴሌቪዥን ይዞ ሲመለስ እሷ በሻንጣዋ ጥቁር ጠጠር፣ ስፖንጅ፣ መብራትና አየር የምትነፋ ትንሽ ሞተር ይዛ መጣች። እዚያ የሠራችበት ቤት ውስጥ ትልቅ ገንዳ ነበረና መንከባከቡን ለምዳዋለች። መስታወቱን እዚሁ አሉሚኒየም ቤት አስገጠመች፣ ተክሉን ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር አስነቀለች፣ ጅራታቸው ቀሚስ የሚመስል ዓሦች ከአዲስ አበባ አስመጣች። ሳሎኗ ውስጥ ውሃው በመብራት ሲያበራ፣ እውነት ለመናገር፣ ያምራል። የከፋኝም ስላማረ ነው።

ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን በር ላይ ጥላ እዚያ ትገባለች። እኔ የሠርክ ጸሎቴን እየደገምኩ ጆሮዬ አጥሩ ላይ ነው። ሲስቁ እሰማለሁ። «ማሻ አላህ፣ ይችን ሸጋ እይልኝ፣ ልትወልድ ነው» ትላለች ጎረቤቴ። ልጄም «የታለች አክስቴ? የታለች?» ትላለች፣ እኔን ለብዙ ጊዜ ባልጠራችበት ድምፅ። ጸሎቴን ከየት እንዳቆምኩ ይጠፋኝና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

ስለዚህ እኔም ገንዳ አሠራሁ። ባለቤቴን «ለልጅቷ ትምህርት ይሆናታል» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «ለልጅቷ ነው?» አለ።

ሰው ጥንቁቅ ይለኛል፤ እውነት ነው። አሸዋውን ውሃው እንባ እስኪመስል ድረስ አጠብኩ። ተክሉን ቅጠል በቅጠል ለቅልቄ ሥሩን በጣቴ ቀበርኩ። የሐይቁ ዓሣ አጥማጆች ከመረባቸው ጣት የማያክሉ፣ በአገሬ ቆሮሶ የምንላቸውን ዓሦች ለዩልኝ። ሞተርና ስፖንጅ ባለቤቴ ከደሴ አመጣልኝ። በየቅዳሜው ውሃውን ሙልጭ አድርጌ እደፋለሁ፣ መስታወቱን እወለውላለሁ፣ ስፖንጁንም አረፋው እስኪጠፋ በሳሙና አጥባለሁ። የእሷ ስፖንጅ ቡናማ ነው፣ የሚያዳልጥ ነገር አለው። የእኔ እንደ ነጠላ ነጭ ነበር። ልጄን «የማን ይበልጥ ንጹሕ ነው?» አልኳት። «ያንቺ» አለች። ደስ አለኝ።

ዓሦቹ ግን ውሃው ላይ አፋቸውን ከፍተው ይተነፍሱ ጀመር። ተክሉም ጫፉ ቀለጠ። አንድ ጠዋት ሁሉም ጎናቸውን ሰጥተው ተንሳፈፉ። ልጄ አላለቀሰችም። «አክስቴ ጋ አይሞቱም» አለችና ወጣች።

ይዛት ተመለሰች። ጎረቤቴ ከበር ሆና «እታለም፣ ልግባ?» አለች። ግቢ ከማለት ሌላ ምን እላለሁ። ጫማዋን አውልቃ ገባች፣ እጇን ገንዳው ውስጥ ከታ ስፖንጁን አወጣችና አሸተተችው።

«ሳሙና ነው እንዴ?»

«ታዲያ ሳይታጠብ ይቀመጣል?»

«ድስት መሰለሽ?» ሳቀች። ልጄም ሳቀች፤ እሱ ነው የባሰብኝ። «ውሃውንስ?»

«በየቅዳሜው እለውጠዋለሁ። ሁሉንም።»

«ኧረ በአላህ።» መሬት ላይ ቁጭ አለች። «እስቲ ንገሪኝ፣ ሊጥ ስታቦኪ እርሾ አትጨምሪም?»

«እጨምራለሁ እንጂ።»

«እርሾሽን በየሳምንቱ ደፍተሽ ዕቃውን በሳሙና ብታጥቢው እንጀራሽ ዓይን ያወጣል?»

ስፖንጁን ከእጇ ተቀበልኩ።

«ውሃም እርሾ አለው። ያ ቆሻሻ ያልሽው ነው። የዓሦቹን ጉድፍ የሚበላው እሱ ነው፤ እሱ ከሌለ በራሳቸው ሽንት ይመረዛሉ። ትንሽ ትንሽ እየቀነስሽ ትጨምሪያለሽ እንጂ ሙልጭ አይደረግም። አብሽሪ፣ እኔም እዚያ ማዳሜን ስንቱን ዓሣ ገድዬባታለሁ።» ተነሣች። «እርሾ እሰጥሻለሁ።»

እርሾ ከጎረቤት መበደር ነውር የለውም። ወሎ ውስጥ ክርስቲያን ከእስላም፣ እስላም ከክርስቲያን ይቀባበላል። እኔ ግን እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ ከማንም ተበድሬ አላውቅም፤ እርሾዬ እንዳይቋረጥ አንድም ቀን ሳልዘናጋ ነው የኖርኩት። አሁን ከእሷ፣ ከሁሉም ከእሷ። «አይ፣ ይቅር» ልል አፌን ስከፍት ልጄ ሳህን ይዛ በሩ ጋ ቆማ ነበር።

ጎረቤቴ ከስፖንጇ ግማሹን በመቀስ ቆርጣ ሰጠቻት። ልጄ እኛ ገንዳ ውስጥ ጨመቀችው፣ ውሃው የጠላ አተላ መሰለ። እጄን በእጄ ይዤ ቆምኩ፤ ካልሆነ ልደፋው ነበር። «ዓሣ አሁን እንዳታስገቢ» አለች ጎረቤቴ፣ «ተክሉ ይደግ፣ ውሃው ይብሰል።»

ውሃው እስኪበስል ልጄ ጎረቤቴ ጋ ዋለች። እኔ ዓሣ የሌለው ገንዳ ፊት ብቻዬን ተቀምጬ ስንዴ እለቅማለሁ። ውሃው ቀስ ብሎ ጠራ፣ እኔ ሳልነካው። ተክሉ ከቀለጠው ሥር አዲስ ቅጠል አወጣ። አንድ ከሰዓት ልጄ ቦርሳዋን ለማስቀመጥ ገብታ ቆመች።

«እማዬ፣ ምን ነው ይኼ?»

ቅጠሉ ላይ ምስር የምታክል ቀንድ አውጣ ትሄዳለች። ከጎረቤቴ ስፖንጅ ጋር እንደመጣች ገብቶኛል፤ ለልጄ ግን አልነገርኳትም። ልጄ ተንበረከከች፣ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ አጣብቃ ቀረች። ስንዴዬን ወደ እሷ አስጠጋሁ።

ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል ጠራቻት። «ሸጋዋ፣ ነይ እንጂ፣ ዓሦቹ ራባቸው።»

«ቆይ አክስቴ፣ እዚህ ቀንድ አውጣ አለ» አለች ልጄ፣ ፊቷን ሳታዞር።

ትንሽ ቆይታ ጎረቤቴ ራሷ መጣች። የዓሦቹን ምግብ በእጇ ይዛ በራችን ላይ ቆመች፣ ልጄን አየች፣ ገንዳውን አየች፣ ፈገግ አለች። ያንን ፈገግታ አውቀዋለሁ፤ ልጄ እሷ ጋ ስትሮጥ ስንት ቀን ፊቴ ላይ ተሸክሜዋለሁ።

«ግቢ እንጂ» አልኳት። ያልኳት ግን ትንሽ ካቆየኋት በኋላ ነው።