ቅቤው እንዳይባክን

ታላቅ እህቴን እታለም ነበር የምላት። የመካነ ሰላም ብርድ የሚያርፈው ጉልበት ላይ ነው፤ እርጅናም ሲጨመርበት ከመደቡ መነሳት አቃታት። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ፣ «አባባ፣ ማታ ማታ እግራቸውን ቀስ አድርገው ይሹላቸው፤ ሰውነታቸው ይፍታታል፣ እንቅልፍም ይወስዳቸዋል» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ራት ከበላን በኋላ እጄን ለጋ ቅቤ እየቀባሁ ከባቷ እስከ ጉልበቷ አሻት ነበር።

እሷ መቼ ዝም ትላለች! «ቀስ በል አንተ፣ በሬ ነው እንዴ የምትጠምደው?» ትለኛለች።

«አብሽሪ እታለም፣ አሁን ያልቃል።»

«ማን ይለቅ አለህ?»

እውነትም ጠቀማት። ጠዋት ጠዋት ደጋፊ ሳትፈልግ ደጅ ወጥታ ፀሐይ ትሞቅ ጀመር።

ስጨርስ ግን እጄን ይዛ አትለቅም። እጄ ላይ በቀረው ቅቤ ጣቶቼን አንድ በአንድ እየሳበች ታሽልኛለች። «ቅቤው ለምን ይባክናል?» ነበር ምክንያቷ። እኔም ለቅቤው የሳሳች እየመሰለኝ እስቅባት ነበር።

እሷ ካረፈች ወዲህ ጣቶቼ ደርቀዋል፤ ጋቢዬን እንኳ አጥብቀው አይዙልኝም። ለካ እሷም እኔን ስታሸኝ ነው የኖረችው። ትናንት ራሴን በራሴ ለማሸት ሞከርኩ፤ የራስ እጅ ግን ቶሎ ይደክማል። እኔም ደክሞኛል።

እታለም፣ አፈሩ ይቅለልሽ፤ እዚያስ ጉልበትሽን አይመምሽ። እኔ ማታ ማታ ከመደቡ ጫፍ፣ ከእግርሽ ቦታ እቀመጣለሁ፤ እጄን ቅቤ ቀብቼ የማሸው አጥቻለሁ።